ባላንጣዬን መልሱልኝ

የምነግራችሁ ከተማ ስም አላት፤ አልጠራውም። ስሟን ብጠራው ታሪኩን ትታችሁ ዘመድ ፍለጋ ትገባላችሁ፤ አንዱም ተነስቶ የአጎቴ ልጅ እዚያ ሹም ነው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ከሹም ዘመድ ጋር የምጨርሰው ጉዳይ የለኝም። ሦስት ወፍጮ፣ አንድ አዳራሽና ብዙ አዋቂ ያለባት ከተማ ናት ብላችሁ እለፉት። እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አራተኛን ሁለቴ ስለተማርኩ አምስተኛ ነው ብትሉም አልቀየማችሁም።

በከተማችን ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ የተመዘገበ ባላንጣ ይኖረዋል። ሌላ አገር ሰው ያለ ባላንጣ እንዴት እንደሚኖር አላውቅም፤ ምናልባት ከሁሉም ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይጣላ ይሆናል። እኛ ግን ጠባችንን አንድ ቦታ ሰብስበን ነው የምንይዘው። ሐሙስ ሐሙስ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ከባላንጣህ ጎን ትቀመጣለህ፤ ተራህ ሲደርስ በዳኛዋ ፊት ትከራከራለህ፣ ትሰድባለህ፣ ትሰደባለህ፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ትሠራለህ። ባላንጣ የሌለው ሰው መደቡ ላይ ቦታ የለውም። መደቡ ላይ ቦታ የሌለው ደግሞ መዶሻም ሆነ ሚዛን፣ መቀስም ሆነ ማረሻ እንዲያነሳ አይፈቀድለትም። አባቶቻችን የሚቃወመው የሌለ ሰው የሠራው ቤት ይወድቃል ብለው ነው ያጸኑት። እውነትም ቤቶቻችን ብዙ አይወድቁም።

የእኔ ባላንጣ ጎሹ ግንበኛው ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አዳራሹን እሱ ገነባ፣ በሩን እኔ ሠራሁ። በሩ አልዘጋ አለ። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። እኔ ግድግዳው ጠሟል አልኩ፤ እሱ በሩ ጠሟል አለ። በምርቃቱ ቀን በሕዝብ ፊት፣ «የቢያድግልኝን በር ከማቅናት ከተማውን ማጋደል ይቀላል» ብሎ ተናገረ። ሰዉ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም ከነአቀማመጣቸው ልነግራችሁ እችላለሁ። ሦስቱ ሞተዋል። ሞታቸው አላስደሰተኝም፤ ግን ቀብራቸው ላይ ቆሜም አልረሳሁላቸውም።

እንዲህ በሰላም ስንኖር ሆዴ ውስጥ ያ ነገር ተገኘ። ካንሰር ነው። የከተማችን ሰው ስሙን አይጠራውም፤ ከተጠራ አቤት ብሎ የሚመጣ ይመስለዋል። ያ ነገር ተገኘበት የተባለ ሰው ወደ ወንዝ ማዶ ሕክምና ቤት ከመሄዱ በፊት ደግሞ መሸኛ ይደረግለታል። መሸኛ ማለት ሰዉ ይሰበሰብና፣ ባላንጣህ ፊት ለፊትህ ቆሞ አንተ ልክ ነበርክ ይልሃል፤ ዳኛዋም ጠባችሁን በእርጥብ ጨርቅ ከመዝገቡ ትጠርገዋለች። ሰዉ አልቅሶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይበተናል። ለቅሶውን አስቀድመው መጨረሳቸው ነው።

ለእኔም ተደረገልኝ። ጎሹ የታጠበ ኮት ለብሶ መጣና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ግድግዳው ነው የጠመመው» አለ። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቅኋት ቃል በመጨረሻ ስትመጣ አስታማሚ መስላ መጣች። በሐዘኔታ የተሰጠ ድል አይቆጠርም ልል አፌን ስከፍት፣ አንዷ ጎረቤት እንዳልደክም ብላ ገንፎ አጎረሰችኝ።

ወንዝ ማዶ አንድ ዓመት ቆየሁ። ከአንጀቴ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው ጣሉ፤ የት እንደጣሉት ጠይቄ አልነገሩኝም። ከዚያ በደም ሥሬ አሥራ ሁለት ጊዜ መርዝ የመሰለ መድኃኒት አንቆረቆሩብኝ። ጸጉሬ ረገፈ፣ ቅንድቤ ተከተለው። የበላሁት ሁሉ ብረት ብረት አለኝ። የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። ሌሎቹ በጸሎት ሲበረቱ እኔ በቂም በረታሁ፤ ተጋድሜ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ በሐሳቤ የጎሹ ግድግዳ ላይ ቱንቢ፣ ግድግዳ መቅናቱን የሚለኩበትን ገመድ፣ እጥል ነበር። መድኃኒቱ በጠነከረብኝ ቁጥር ግድግዳው ትንሽ ትንሽ ይጠምም ነበር። በመጨረሻ ሐኪሟ ወረቀቷን አጥፋ፣ ጨርሰሃል፣ በየሦስት ወሩ እየመጣህ ትታያለህ አለችኝ። እስከዚያስ ምን ልሥራ ብላት ቀና ብላ አየችኝና፣ ሥራህን ነዋ፣ አለች። ከዚያ በኋላ ካጋጠሙኝ አዋቂዎች ሁሉ ያቺ ሴት ትበልጣለች።

ተመለስኩ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሕጋችን ለሚሄድ ሰው እንጂ ለሚመለስ ሰው አንቀጽ አልነበረውም። ዱሮ የሚመለስ አልነበረማ። አሁን ሕክምናው እየተሻለ ሄዶ አንድ ሁለት እያልን መመለስ ስንጀምር ሹማምንቱ ደነገጡ፤ ሰባት ቀን ተሰብስበው ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛው፣ ተመላሽን የተቃወመ ሰው ጉንጩን ጥላሸት ተቀብቶ አንድ ገበያ ሙሉ እንዲዞር። ሁለተኛው፣ የተመላሾች ማለማመጃ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት እንዲከፈት። በዚያ የሚሠሩት አለሳላሾች ይባላሉ። አንድም ቀን ታመው የማያውቁ ሰዎች ተመርጠው ነው የገቡበት፤ በሽታ ሐሳባቸውን እንዳያበላሸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ አልገባኝም ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄጄ፣ እንደምታዩኝ እንቁላል የመሰለ ራሴን ይዤ፣ ለነገር ፍለጋ ያህል ከኋላ አሳጥረው ከፊት ተወው አልኩት። ፎጣ አለበሰኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ አየሩን ሲቆርጥ ቆየና መስታወት ይዞልኝ ይሄ ይበቃል ወይ አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ዛሬ ማክሰኞ ነው ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰዎቹ ተያዩ፤ ሸክላ ሻጯ እውነቱን ነው ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ቤቴ ብገባ ባለቤቴ አትጠገብ በጣቷ ጫፍ ነው የምትራመደው። ልቀመጥ ስል ወንበር ትስባለች፣ ልነሳ ስል ክንዴን ትደግፋለች፣ ላወራ ስል «እሺ የኔ ጌታ» ትላለች። ሰላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ጌታ ብላኝ አታውቅም። አማርኳት ብዬ እንዳልደሰት ዓይኗ ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ ነው።

ማለማመጃ ቤት ገባሁ። ግዴታ ነው። አርባ ቀን ይፈጃል። የበላዩ ሊቀ አለሳላሽ አያልቅበት ይባላል፤ ቀይ፣ ድምፁ በቅቤ የታሸ፣ ዕድሜው የልጄ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ ቢያድግልኝ፣ ጀግናችን፣ ዛሬ መቀመጥ እንለማመዳለን» አለኝ። ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ። በሁለተኛው ሳምንት መራመድ ነበር፤ አንዱ አለሳላሽ ከጎኔ እየሄደ ግራ፣ ጎበዝ፣ ቀኝ፣ ጀግና ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት ከእንጨት የተሠራ ሽንኩርት የሚሸጥበት የውሸት ገበያ አቆሙልን። ሻጭ የሆነውን አለሳላሽ ዋጋውን ቀንስልኝ ስለው ቀነሰ፤ ጨምርልኝ ስለው ጨመረ፤ ሁሉንም በነጻ ስጠኝ ስለው ቅርጫቱንም ጨምሮ ሰጠኝ። ሽንኩርቱን የጠረበው ሰው መላጊያ ይዞ የማያውቅ ነው አልኩ። አመሰግናለሁ ስላላልኩ ትምህርቱን ወደቅኩ።

እዚያ ከእኔ ጋር ዘነቡ የምትባል በርበሬ ሻጭ ነበረች። እሷም ከወንዝ ማዶ የተመለሰች ናት። «አንዱን ጡቴን ወሰዱት፤ ምላሴን ግን ረስተውልኛል» ትላለች። አንድ ቀን እጇን አውጥታ ሊቀ አለሳላሹን ጠየቀችው። በተቆረጠው በኩል ያለው ክንዷ እንደ ጎማ ያብጣል፤ ዘነዘና እንዴት አድርጋ ታንሳ? በየትኛው ጎኗ ትተኛ? ሦስት ወሩ ደርሶ ለምርመራ ልትሄድ ስትል ጉልበቷ የማይከዳት ምን ቢደረግ ነው? አያልቅበት ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና፣ ግሩም ጥያቄ ነው፣ በመጀመሪያ ግን የፈገግታውን ምዕራፍ እንጨርስ አላት። እኔም ተነስቼ ጣቴ ሚስማሩን ከእርሳሱ አይለይልኝም አልኩ። መዝገቡ ላይ ተስፋ አለው ብለው ጻፉልኝ። ዘነቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እነዚህ ሰዎች ገላችንን ሳይሆን የራሳቸውን ፍርሃት ነው የሚያሹት አለችኝ። የእሷ ባላንጣ የባሏ እህት ነበረች፤ አሁን በየቀኑ ወጥ ሠርታ እያመጣች ታለቅስባታለች። ወጡ ጨው እንደሌለው እንኳ መናገር አልቻልኩም ብላ ዘነቡ እውነተኛ እንባ አነባች።

አርባው ቀን አለቀ። ለዕለት ኑሮ ብቁ ነው የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን ይዤ፣ ሥራ ልጀምር ነው ብዬ ወደ መደቡ ዳኛ ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ሄድኩ። መዝገቡን የምትይዘው እሷ ናት፤ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ለማንም አትለሳለስም፤ ለእኔም ቢሆን ሕጉ ስላስገደዳት ብቻ ነው ቀስ ብላ ያናገረችኝ። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ብቁ መሆንህን ጽፈዋል። ባላንጣህ ግን ተጠርጓል።»

«እንግዲያው መልሺልኝ።»

«እኔ የምመልሰው ነገር አይደለም። ጎሹ ጎኑ ባዶ ሆኖ ዓመት ተቀምጧል፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም። ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው ሐሙስ በአንተ ቦታ ለመጣው አዲስ አናጢ እጽፈዋለሁ። አንተን ደግሞ የክቡራን እንግዶች መዝገብ ውስጥ አገባሃለሁ።»

ክቡር እንግዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከፊት ለፊት ትራስ ይነጠፍልሃል። የፈለግኸውን ትናገራለህ፤ ማንም አይሰማህም፤ ማንም አይቃወምህም። መዶሻ አታነሳም። እስክትሞት ትከበራለህ። እንደ አዳራሹ ሰዓት ማለት ነው፤ ቆሟል፣ ግን አቧራው ይጠረግለታል።

የሚያድነኝ አንድ ነገር ነበር። በዚያ ሐሙስ መደቡ ላይ፣ በምስክሮች ፊት፣ ጎሹ በራሱ አፍ ከተቃወመኝ ጠባችን እንደገና ይከፈታል። ጎሹ ግን ከተቃወመኝ ጥላሸት ይቀባል። ሁለቱ ሕጎች ይጋጫሉ እኮ ብላት እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሁለቱም የራሳችን ናቸው፣ የምናፍርበት ነገር የለም አለችኝ።

ሦስት ሳምንት ቀረኝ። ጎሹን ለማናደድ ተነሳሁ። እኔ ሰው ማናደድ ላይ ጀማሪ አይደለሁም። ሥራ ቦታው ሄጄ ግማሽ ቀን የደከመበትን ግድግዳ አይቼ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ያረገዘች አህያ አልኩት። መሮውን አስቀመጠ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። ጎሹ ተመለሰልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እሱ ግን ዋጠውና፣ ልክ ነህ ብሎ ግድግዳውን አፈረሰው። በማግስቱ ሄጄ ድንጋዩ አደራደሩ የሽማግሌ ጥርስ ይመስላል አልኩት፤ አፈረሰው። በሦስተኛው ቀን፣ እናትህ አንተን ስትወልድ ቱንቢ አልነበራትም አልኩት። እውነት ነው፣ አልነበራትም አለና እንደገና ያፈርስ ጀመር። ባለቤቱ፣ ቤቱን የሚያሠራው ሰውዬ፣ አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ ያለቅሳል። ወደ እኔ መጥቶ ግን እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ስላስተማሩን እናመሰግናለን አለኝ።

ያን ቀን ነው ሐሞቴ የፈሰሰው። ሆዴ ሲቆረጥ እንዲያ አልሆንኩም። መንገድ ዳር ተቀምጬ፣ በቃ፣ እነዚህ ሰዎች በመሸኛው ቀን ቀብረውኛል፣ አሁን የሚያጫውቱት መቃብሬን ነው ብዬ አሰብኩ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሐሙሱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት ጎሹ ቤት ሄድኩ። በሃያ ሁለት ዓመት የቤቱን ደጃፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ብቻውን ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ሽሮውን እየበላ ነበር። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ ለቀቀልኝ። ተቀመጥ አልኩት። ሕግ ስለሆነ እሺ ብሎ ተቀመጠ።

«ጎሹ፣ ለምንድን ነው የማትሰድበኝ?»

«ጥላሸቱን ፈርቼ ነዋ።»

«ውሸታም። ዕድሜህን ሙሉ ኖራና ጭቃ ለብሰህ ኖረህ፣ ጥላሸት ምንህ ነው?»

እንጀራውን በጣቱ ሲያንከባልል ቆየ። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ፣

«ሰድቤህ ብትሞትስ?» አለ።

በከተማው ውስጥ ሞት የሚለውን ቃል በፊቴ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሌላው ሰው ለዶሮ እንኳ እኔ ባለሁበት ሞተች አይልም፤ አረፈች ነው የሚለው።

«እሞታለሁ እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። አንተስ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። በየሦስት ወሩ ያዩኛል። አንዳንዱ ይመለስበታል፣ አንዳንዱ አይመለስበትም። እኔ የትኛው እንደሆንኩ ሐኪሟም አታውቅም።»

ጎሹ ከዚያ አወራ። እኔ ሄጄ እሱ ሐሙስ ሐሙስ ብቻውን መደቡ ላይ ሲቀመጥ፣ ማንም ስለ ግድግዳው ሳያነሳ ዓመቱ አለፈ። መጀመሪያ እፎይ አለ። ከዚያ ግን ግድግዳ ሲሠራ፣ አሁን ቢያድግልኝ ይሄን ቢያይ ምን ይላል የሚለው ነገር ቀረበት፤ ሥራው ላላ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ሆነ። አንድ ሐሙስ መሞቴን ነገሩት። ውሸት ነበር፣ ግን እስኪጣራ ድረስ ሁለት ቀን አለፈ። በነዚያ ሁለት ቀናት የመጨረሻ ቃሉን ሲያስታውስ ግድግዳው ነው የጠመመው የሚለው በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገነ። አሁን ቢሰድበኝና ከዚያ ብሞት ምን ሊውጠው ነው?

እንግዲህ ይሄን የመሰለ ነገር ሲነግሩህ ሰው ይለሰልሳል። እኔም ልለሰልስ ነበር። ግን ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።

«ስማ ጎሹ» አልኩት፤ «ብሞት አንተ ረታህ ማለት ነው። ብኖር ደግሞ አልፋታህም። እስከ ሞት ድረስ ያለውን ጊዜ ግን ትራስ ላይ አልቀመጥም። ሬሳን ነው የማይሰድቡት።»

«አንተ ሰውዬ ታመህም ነገረኛ ነህ» አለኝና ደንግጦ አፉን ያዘ። ወደ በሩ ዞሮ አየ። ምስክር አልነበረም። አልተቆጠረም። እኔ ግን ስወጣ መንገድ ላይ ሳላርፍ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ሐሙስ ደረሰ። ከተማው በሙሉ ወጥቷል፤ ክቡር እንግዳ ሲሾም ጠላ ይጠጣል። ከፊት ለፊት ትራሴ ተነጥፏል፤ ጀግና የሚል ጥልፍ አለበት። ሊቀ አለሳላሽ አያልቅበት ንግግር አነበበ። ያ ነገር ምን ያህል እንዳስተማረኝ ተናገረ። ያ ነገር ያስተማረኝ ሽንት ቤት ፍለጋ በየደቂቃው መነሳትን ብቻ ነው። ትራሱ ላይ አስቀመጡኝ። አዲሱ አናጢ ከጎሹ ጎን ሊቀመጥ ኮቱን አስተካከለ። ይሄ ልጅ የበር ማጠፊያ ገልብጦ የሚመታ ነው፤ አላጋነንኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ ብዕሯን ቀለም ነከረች። «ጎሹ፣ በቢያድግልኝ ላይ የምትለው አለህ?»

ጎሹ ተነስቶ መሬት መሬቱን አየ።

እኔ ከትራሱ ላይ ሆኜ፣ «ግድግዳው ጠሟል» አልኩ።

«ልክ…» ብሎ ጀመረ። እኔን አየኝ፤ ትራሱን አየው፤ ጥልፉን ተመለከተው። ማንበብ ስለማይችል ፊደል ፊደሉን አንድ በአንድ ነው ያየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«አልጠመመም» አለ።

ጠላ የያዘው ሰው ሁሉ ቀጥ አለ።

«ግድግዳው አልጠመመም። በሩ ነው የጠመመው። የሠራው ሰውዬ ደግሞ ከበሩ የባሰ ነው። ሳይታመም ጠማማ ነበር፤ ታሞ ጠማማ ነው፤ አንድ ክንድ አንጀት ቆርጠው እንኳ አላቀኑትም። አሁን ደግሞ…» እዚህ ላይ ዓይኑን ወደ እጄ አዞረ፤ «አሁን ደግሞ ያ እጅህ ሚስማር አይመታም። የሚያስታምምህ ሰው ይነግርሃል ብዬ ጠበቅኩ፣ የነገረህ የለም። ከእንግዲህ በር አትሠራም፣ ቢያድግልኝ። አበቃልህ።»

ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። አያልቅበት ጥላሸቱን ይዞ ሮጦ መጣ፤ ስለቸኮለ ግማሹን የራሱ ነጭ ሸሚዝ ላይ ደፋው። ጎሹ ጉንጩን አዘንብሎ ሰጠው።

እኔ ልዋሽ አልወድም። አመመኝ። ጎሹ ያለው ነገር እኔ ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣቶቼን እየቆጠርኩ የምፈራው ነገር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የተለማመድኩት፣ ወንዝ ማዶ ዓመት ሙሉ ያሳመርኩት ስንት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም። ከትራሱ ላይ ተነስቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ፣ ሄጄ መደቡ ላይ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«ታየዋለህ» ብቻ አልኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ በድሮ ድምፅዋ፣ ቀጣዩ ይምጣ፣ ጊዜዬን አታባክኑ አለች። ከሰዉ መሀል የዘነቡ ባል እህት ስትነሳ አየሁ። ወጡን ይዛ ነው የመጣችው። ዘነቡ ቀና ብላ ስትጠብቃት ፊቷ ሰርገኛ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የእንጨት ሥራ ቤቴን ከፈትኩ። መዶሻውን አነሳሁ፤ ክብደቱ ይሰማኛል፣ እጀታው ግን አይሰማኝም። ሚስማሩን በዓይኔ እያየሁ ያዝኩት፣ ጣቴን ስለማላምነው። የመጀመሪያው ገባ። ሁለተኛው ተጣመመ። ሦስተኛውን ስመታ ደህና ነው ብዬ ነበር፤ እንጨቱ ላይ ደም ሳይ ነው የመታሁት አውራ ጣቴን መሆኑን ያወቅኩት። ጣቴን በአጠገቤ ባገኘሁት ነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

አትጠገብ ከጓሮ ገባች። ደሙን አየች። ጨርቁን አየች። ለካስ ጨርቁ ትናንት አጥባ ያሰጣችው ነጠላዋ ነው። የሰሞኑ እንባ ዓይኗ ውስጥ ሲሞላ አየሁ፤ እሺ የኔ ጌታ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም?» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ ቡትቶ መሀል የእኔን ነጠላ ነው የመረጥከው? ከተመለስክ ጀምሮ የኔ ጌታ፣ የኔ ጌታ ስልህ እኮ ጌታ የሆንክ መሰለህ። እጅህን ታጠብ። ስትጨርስ ደጅ ያለውን የከሰል ጆንያ አስገባው፤ እኔ ወገቤን አሞኛል።»

ወጣሁ። ጆንያው ከባድ ነው። ከደጁ እስከ ማድ ቤቱ አሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ጎረቤቶች ከአጥራቸው በላይ ያዩኛል። አትጠገብ ማድ ቤቱ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ፣ ስንት ሰዓት ሊወስድብህ ነው ትላለች። ማንም አላገዘኝም።